«እዚህ ደርሻለሁ» ያለው የእድር መልእክት

ውድ ፌበን፣

«እሷ ሴትዮ ብንሞት እንኳ አትመጣም!»

ይህን የሰማሁት ከሾላ ወደ የካ ሚካኤል በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነው። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ቃሪያ የሞላ ፌስታል በመካከላቸው አስቀምጠው ያወራሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ምሬት ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ቃል በቃል ወሰድኩት። ሞት ይገባል፣ መምጣት አይወጣም። እንዲህ ጥርት ያለ የብልሽት ሪፖርት ከደንበኛ አግኝቼ ስለማላውቅ ዞሬ ጠየቅኋቸው።

«ይቅርታ እናቶቼ፣ ሁልጊዜ ነው ወይስ አንዳንዴ?»

«ምኑ?» አለች ባለቃሪያዋ።

«ሰው ሲሞት አለመምጣቷ።»

«አንተን ምን አገባህ? ደግሞ ለጆሮ ጠቢ!»

ሁለተኛዋ ግን ደግ ሰው ናት። «ሁልጊዜ ነው እንጂ!» አለችኝ። «የመምህሩ ሚስት ስትቀበር የለች፣ ባለወፍጮው ሲቀበር የለች። እታገኝ በሯን ዘግታ ቁጭ! ለሁላችንም እኩል በስልክ እየተነገረን ‹አልሰማሁም› ልትል ነው? እሁድ ስብሰባ አለ፤ ከእድሩ ትፋቃለች፣ አለቀ።»

ሁልጊዜ የሚከሰት ብልሽት እንዴት ያለ በረከት እንደሆነ ላንቺ አይነገርም። ሰው የሚያሳብደው አንዳንዴ ብቅ የሚለው ነው። አመስግኛቸው ወረድኩ። ባለቃሪያዋ ከኋላዬ «ጤነኛም አይደል» ስትል ሰማሁ፤ እሱን ግን ቃል በቃል አልወሰድኩትም።

«በስልክ እየተነገረን» ያለችው ገብቶሻል መቼም። መልእክቱን የሚልከው ፕሮግራም ያንቺና የእኔ እጅ ሥራ ነው። ጥሩንባ ነፊው አርጅተው ድምፃቸው ከጓሮ አልፎ አልሰማ ሲል፣ የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ለይኩን ወደ ድሮው የሾላ ቢሯችን፣ ከበርበሬ ወፍጮው በላይ፣ እያስነጠሱ ወጥተው «ሰው ሲሞት ለሁሉም ባንዴ የሚናገር ነገር ሥሩልን» ያሉን ቀን ትዝ ይልሻል? እሳቸው አስነጠሱ፣ አንቺ አስነጠስሽ፣ እኔም አስነጠስኩ፤ ውሉ በዚያው ተፈረመ።

ስለ ቢሮ ካነሳን፣ አዲሱ ቢሮ የት ነው ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ። አሁን ከነገርኩሽ ሌላውን እንደማታነቢው አውቃለሁ።

ከእድር መፋቅ ምን እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። ሲሞቱ ድንኳን የሚተክል፣ አስከሬን የሚሸከም፣ መቃብር የሚያስቆፍር ሰው አለመኖር ነው። ወይዘሮ እታገኝ ደግሞ ባልም ልጅም የላቸውም፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ስለዚህ እሁድ ሳይደርስ ስህተቱ የሰው ይሁን የማሽን መለየት ነበረብኝ። ቢሮ ገብቼ የተላኩትን መልእክቶች ሳይ፣ ከበጋው መግቢያ ጀምሮ በተነገሩት ቀብሮች ሁሉ የሳቸው ቁጥር የለም። ሴትየዋ አልተጠሩም። ሄጄ መጠየቅ እንኳ አላስፈለገኝም፤ ማሽን የሠራውን አይደብቅም፤ ሰው ነው የሚያስተባብለው ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

እንግዲህ ፍለጋው እዚህ ላይ ይጀምራል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽም ለዳኝነት ነው፤ የትኛው ዘዴ እንዳገኘው እኔና ሚልኬሳ አልተስማማንም።

ሚልኬሳ አሁን ባንቺ ወንበር የተቀመጠው ሰው ነው። ጎበዝ ነው፤ ሲያስብ ያፏጫል። የሱ ዘዴ ማተም ነው። በኮዱ መስመሮች መካከል «እዚህ ደርሻለሁ» የሚል ጽሑፍ ይተክላል፤ ፕሮግራሙ ሲሄድ ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ መውጣት ያቆመበት አካባቢ ብልሽቱ አለ ማለት ነው። አንቺ ይህን ዘዴ ትንቂው ነበር። «መርፌ ለመፈለግ ቤቱን ሙሉ ሻማ መትከል» ትዪ ነበር። እውነት ለመናገር ሻማው መርፌውን ያሳያል። ችግሩ አንዳንዴ ቤቱ ይቃጠላል።

ሚልኬሳ ከጽሑፎቹ አንዱን በስክሪኑ ፋንታ መልእክት መላኪያው ላይ ተከለው። እኩለ ቀን ላይ፣ ሞት ብቻ ከሚናገረው ከእድሩ ቁጥር፣ የእድሩ አባል ሁሉ ስልክ ላይ አንድ መልእክት ገባ፦

«እዚህ ደርሻለሁ።»

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት በተቀበሩ ማግስት ነው ይህ የሆነው።

ጋሽ ለይኩን ደወሉ። «ወንድይራድ፣ ማነው የደረሰው?»

«ማንም አልደረሰም ጋሼ። ሙከራ ነው።»

«ከዚያ ሆናችሁ ነው የምትሞክሩት?»

«አይ፣ ከቢሮ ነው። ስህተት ነው፤ አሁኑኑ ይቅርታ ብለን ሌላ መልእክት እንልካለን።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የባለወፍጮው ሚስት መልእክቱን አይታ ‹ተመስገን፣ በሰላም ገባልኝ› ብላ እንባዋን ጠርጋለች። ከሞተ ጀምሮ እህል ያልቀመሰች ሴት አሁን ሾርባ እየጠጣች ነው። አልደረሰም ብዬ ልንገራት?»

«ይተዉት ጋሼ።»

«እኔም እንደሱ ነው ያልኩት» ብለው ዘጉት። በሙያ ዘመኔ አይቼ እንዳላየሁ የተውኩት ብቸኛ ስህተት እሱ ነው። የሚልኬሳ ዘዴ ግን አንድ ነገር አረጋገጠልን። «እዚህ ደርሻለሁ» ለሁሉም ሲደርስ ለወይዘሮ እታገኝ አልደረሰም።

በማግስቱ የእኔ ተራ ሆነ። የእኔ ዘዴ መክፈል እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ስንት ጊዜ ሳቅሽብኝ። ኮዱ ደህና የነበረበትን ቀንና የታመመበትን ቀን ይዤ መካከሉ ላይ ያለውን እሞክራለሁ። ደህና ከሆነ ችግሩ ከዚያ ወዲህ ነው፤ ካልሆነ ከዚያ ወዲያ። የተጠረጠረውን ግማሽ ደግሞ እንደገና ለሁለት። ድንበር እንደሚዳኝ ሽማግሌ በእርጋታ፣ ማንንም ሳልወነጅል። እናም ከፈልኩ። የዘንድሮውን ኮድ በአሁኑ የአባላት ዝርዝር ሞከርኩ፣ ወይዘሮ እታገኝ አልተጠሩም። የአምናውን ሞከርኩ፣ አልተጠሩም። እየከፈልኩ እየከፈልኩ እያስነጠስን እስከጻፍነው እስከመጀመሪያው ድረስ ወረድኩ። እዚያም የሉም።

ሚልኬሳ ፉጨቱን አቁሞ፣ «ወንዴ፣ ሳይወለዱ ነው እንዴ የጠፉት?» አለኝ።

የመክፈል ደካማ ጎኑ ይኸው ነው፤ ደህና የነበረ ቀን ይፈልጋል። ኮዱ ጭራሽ ካልተነካ ቢላው አየር ነው የሚቆርጠው። አንቺ ይህን ከስንት ጊዜ በፊት ነግረሽኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያን ቀን ስለ ሻይ መክፈል ነው የማወራው ብዬ ርዕስ ቀየርኩብሽ። ቢሆንም ባዶ እጄን አልተመለስኩም። ኮዱ ካልተለወጠ የተለወጠው ስለ ወይዘሮ እታገኝ የምናውቀው ነገር ነው።

ሦስተኛውን ዘዴ ሚልኬሳ ከዩኒቨርሲቲ ይዞት የመጣ ነው። መልእክት የደረሰውን አንድ ሰውና ያልደረሰውን አንድ ሰው በኮዱ ውስጥ ታሳልፊያለሽ። ሁለቱም የረገጡት መስመር ነጻ ነው፤ ያልደረሰው ብቻ የረገጠው መስመር ይጠረጠራል። በሰፈር ዶሮ ሲጠፋ የሚደረገው ምርመራ ነው፤ ልዩነቱ ኮምፒዩተር አለመማሉ ብቻ ነው። ወይዘሮ እታገኝንና አንዲት ጎረቤታቸውን አሳለፍን። ሁለቱም አንድ ላይ ሲሄዱ፣ ሲሄዱ፣ ሲሄዱ፣ አንድ መስመር ላይ ወይዘሮ እታገኝ ብቻቸውን ታጠፉ።

መስመሩን ማን እንደጻፈው አየሁ። አንቺ ነሽ።

ፌበን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ ስህተቱ ሁሌ የእኔ ነበር። ሚልኬሳን ቡና ልጋብዝህ እስከማለት ደረስኩ።

መስመሩ ይህ ነበር፤ የቅርብ ዘመድ ሞቶበት መርዶ ገና ያልተነገረው አባል ካለ፣ ሊቀመንበሩ በስሙ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ምልክቱ እስኪነሳ ድረስ ለዚያ ቤት የማንም ሞት አይነገር። ይህን መስመር ስታስገቢ የተጨቃጨቅነው ትዝ አለኝ። እኔ ምን ያደርጋል፣ ሥራ ማብዛት ነው ስል፣ አንቺ «የገዛ ወንድሙ መሞቱን ያልሰማ ሰው ጎረቤት ቀብር ላይ ሲሄድ ከአንዱ አፍ ያመልጠዋል። መርዶ ቤቱ ድረስ መጥቶ ይነገረዋል እንጂ መቃብር ዳር አይሰማም» ብለሽ እጅሽን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍሽ። ተሸነፍኩ።

«እንሰርዘው?» አለ ሚልኬሳ። ጣቱ ቁልፉ ላይ ነው።

ብንሰርዘው ኖሮ የሚቀጥለው መልእክት ይደርሳቸው ነበር፤ እኛም ሠራነው ብለን ወደ ቤታችን እንገባ ነበር። ልሰርዝ ብዬ አፌን ስከፍት መብራት ጠፋ። ስለ መብራት ኃይል ክፉ ስናገር ኖሬያለሁ፤ ያን ቀን የተናገርኩትን ሁሉ አንስቻለሁ።

ሚልኬሳ ምሳ ሊበላ ወጣ። እኔና ቢጫዋ ጀሪካን ቀረን። ያንቺ ጀሪካን ናት፤ ውሃ ለሚጠፋበት ቀን ብለን ገዝተናት፣ አንቺ ለሌላ ሥራ የሾምሻት። ሲቸግርሽ ወንበርሽን ወደሷ አዙረሽ ኮድሽን መስመር በመስመር የምታስረጂያት። ከሾላ ስንለቅ ብዙ ዕቃ ጥያለሁ፤ እሷን ግን በራሴ እጅ ተሸክሜ ነው ያመጣኋት። ግራ ቀኝ አይቼ ወንበሬን አዞርኩ።

«ስሚ እንግዲህ» አልኳት። «ይህ መስመር፣ መርዶ ላልተነገረው ሰው አትላክ ይላል። ለወይዘሮ እታገኝ አልላከም። ስለዚህ መስመሩ ተሳስቷል ማለት…»

ወደ ጀሪካኗ ጠጋ አልኩ።

«…ወይም መስመሩ ልክ ነው።»

ጀሪካኗ ምንም አላለችም። አንቺ እንደምትዪው፣ ችሎታዋ እሱ ነው።

ጋሽ ለይኩንን ያገኘኋቸው ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሲወርዱ ነው። በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ጋሼ፣ ወይዘሮ እታገኝ ማን ሞቶባቸዋል?»

«ወንድማቸው ተሾመ ነዋ፣ ሆሳዕና ከተማ የሚኖረው። ክረምት ማብቂያ ላይ። ቤተሰቡ ለሳቸው በስልክ አይነገራቸውም ብለው ለኔ ደወሉልኝ፤ እኔም ያቺን ምልክት አደረግሁ። ምነው?»

«መርዶውን ማን ነገራቸው?»

«የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች ናቸዋ! ጴንጤ አይደሉ? በራሳቸው ወግ ጸልየው፣ አጽናንተው ይንገሩ ብለን በክብር ለነሱ ተውነው።»

«ነገርን ብለውዎታል?»

ጋሽ ለይኩን ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ሲነግሩ ይነግሩኛል ብዬ… ምልክቷንም ያን ጊዜ አነሳለሁ ብዬ…» ስልካቸውን አወጡና የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋ ደወሉ። ሰውየው ድምፀ ትልቅ ስለሆነ እኔም ሰማሁ።

«እኛማ እድሩ ነግሯታል ብለን ነው እንጂ! እንዲያውም ለቅሶ ሳትቀመጥ ስናይ እንዴት ያለች ጽኑ እህት ናት ብለን በጉባኤ ፊት አመስግነንላታል!»

ክፋት የለበትም፣ ፌበን። በር ላይ ቆመው «እርስዎ ይቅደሙ፣ የለም እርስዎ» ሲባባሉ የቀሩ ሁለት ጨዋ ሰዎች ናቸው። መርዶው በጨዋነት ጠፋ። ያንቺ መስመር ብቻ ሥራውን አልረሳም፤ አልተነገራቸውም፣ ስለዚህ አልጠራቸውም። በመላው ሰፈር እውነቱን የያዘው እሱ ነበር።

ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ እድሩና ቤተ ክርስቲያኑ አንድ ላይ ሄዱ። እኔ ልቀር ስል ጋሽ ለይኩን ክንዴን ያዙ። «ትመጣለህ። ማሽን ያወቀውን ማሽን ሄዶ አይናገረውም።» የእንጦጦ ጉም እስከ አስፋልቱ ወርዷል፤ ባሕር ዛፉ ይንጠባጠባል። ሯጮች ከላይ እየወረዱ መጡ። ነጭ የለበሱ ሰዎች በዚያ ሰዓት ተሰብስበው ዝም ብለው ሲሄዱ ወዴት እንደሆነ አገሩ ሁሉ ስለሚያውቅ፣ ሩጫቸውን ገታ አድርገው በመንገዱ ዳር አለፉን። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ሽማግሌ ስላልሆንኩ ግን ከኋላ ሄድኩ።

አረንጓዴው የቆርቆሮ በር ጋ ስንደርስ ማንኳኳት አላስፈለገንም። ወይዘሮ እታገኝ ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል። አንድ በአንድ አዩን። ጋሽ ለይኩን ሌሊቱን ያጠኑትን ንግግር ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሴትየዋ ግን ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቀው፣ እንደገና ለበሱት።

«ቆያችሁ» አሉ። «በጣም ቆያችሁ።»

ከዚያ ጮኹ።

ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ወጣ። ባለቃሪያዋ ጫማዋን ግራና ቀኙን አቀያይራ ተጫምታ መጥታ ከሁሉ በፊት አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ «እኔ ልደፋልሽ! እኔ አፈር ልብላ!» እያለች። ረፋዱ ላይ ድንኳኑ ተተከለ። የእሁዱ ስብሰባ እዚያው ድንኳን ውስጥ ሆነ፤ የሚፋቅ ሰው ስም ያነሳ አልነበረም። ባለቃሪያዋ አየችኝና «አንተ የታክሲው! ጤነኛ ነህ ለካ» ብላ ወንበር ሰጠችኝ።

በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ እታገኝ አጠገብ ቦታ አግኝቼ ተቀመጥኩ። «እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

«ተሾመ እሁድ እሁድ ከቸርች ስወጣ ይደውልልኝ ነበር» አሉ። «ሲያቆም አወቅሁ። ልጁ ጋ ስደውል አያነሳም፤ ከሱ አፍ እንዳልሰማ ፈርቶ ነው።»

«ታዲያ ለምን ሰው አልጠየቁም?»

አዩኝ። «መርዶ ይዘውልህ ይመጣሉ እንጂ ሄደህ ትለምነዋለህ፣ ልጄ?»

«ጎረቤት ቀብርስ?»

«ማን ጠርቶኝ? ድንኳኑን በሩቅ አያለሁ። በሰው ለቅሶ ተቀምጬ የወንድሜን ባለቅስ፣ ‹ማን ነገረሽ› ይሉኛል። ምን ልመልስ?»

ንፍሮ ዘገንኩ።

አሁን ሁሉ ደህና ነው። ጋሽ ለይኩን ምልክቷን በገዛ ጣታቸው አነሱ። ኮዱ ላይ አንድም ፊደል አልነካንም። ባለፈው ሳምንት አንድ አዛውንት ሲያርፉ መልእክቱ ለሁሉም ደረሰ፤ ወይዘሮ እታገኝ ከሁሉ ቀድመው ተገኝተው የዘገዩትን ተቆጡ። ሰፈሩ በቁጣቸው በጣም ደስ ብሎታል።

ወደ ዳኝነቱ ልመለስ። ሚልኬሳ «ያገኘው የኔ ዘዴ ነው፣ መስመሩን ያሳየን እሱ ነው» ይላል። እኔ ደግሞ ቦታውን ያሳየን የሱ ዘዴ ቢሆንም፣ ሊያስሰርዘን ነበር፤ ያገኘው ያንቺ ነው እላለሁ። ሚልኬሳ ለጀሪካን አልሸነፍም ብሏል። ፍርድሽን ጻፊልን።

ያልነገርኩሽን አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። አንቺ ለጀሪካኗ ስታስረጂ እኔ የምሠራ መስዬ አዳምጥ ነበር። የእኔን ስህተቶች ግማሹን ያገኘኋቸው አንቺ ያንቺን ስትናገሪ እየሰማሁ ነው። ከሄድሽ ወዲህ ቢሮው ፉጨት አለው፣ ወሬ አለው፤ የሚሰማ ድምፅ ግን የለውም። ናፍቀሽኛል። ይህን በሰው ልኬልሽ አላውቅም፤ በሰውም አልልክም። በሐዋሳ ማስተማርሽ ሲያበቃ ትመለሻለሽ ወይ? ወንበርሽን ሚልኬሳ ይዞታል፤ ሌላ ወንበር አይጠፋም። አይሆንም ከሆነም ራስሽ ንገሪኝ፤ እኔ እንደ ወይዘሮ እታገኝ በር ላይ ቆሞ የመጠበቅ ትዕግሥት የለኝም።

ጀሪካኗ ሰላም ብላሻለች። ማለቴ፣ ዝም ብላለች።

ሰላምሽ ይብዛ፣
ወንድይራድ

አዲሱ ቢሮ የት ነው ላልሽው፦ ከየካ ሚካኤል ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ነው። በርበሬ አይሸትም፤ መስኮቱም ሰፊ ነው። ጠረጴዛዬ መስኮቱ ሥር ነው። ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ከፊት ለፊቴ፣ አንድ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር አለ። ከገባን ጀምሮ በየጠዋቱ አንዲት እናት ለብሰው እዚያ በር ላይ ቆመው መንገዱን ያዩ ነበር። ታክሲ የሚጠብቁ ይመስለኝ ነበር።